ያዘነበለው ማን ነው?

ፑል ጠረጴዛ ሸጫለሁ። ገንዘቡ ገብቶልኛል፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ስልኬን ማንሳት አቁሟል። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ገዢው በርክክቡ ቀን ከተስማማንበት ዋጋ ላይ 5,000 ብር ሲቆርጥ የተናገራት አንዲት ቃል እንቅልፍ ነስታኛለች። «ያዘነብላል» አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ታናሽ ወንድሜ ፑል ቤት ከፍቶ ሲሠራበት የነበረ ጠረጴዛ ነው። ኪራይ ሲጨምሩበት ቤቱን ለቀቀና ጠረጴዛውን እናታችን በረንዳ ላይ አስቀመጠው። «ለሁለት ሳምንት ነው» ብሎ። የሁለት ሳምንት ዕቃ እናት ቤት ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ እናንተም ታውቃላችሁ። እማዬ መጀመሪያ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚነሳው?» ትል ነበር። ቀጥላ ላስቲክ አለበሰችው። ቀጥላ ላስቲኩን ገፈፈችና በርበሬ አሰጣችበት። ከበርበሬው በኋላ ድርቆሽ፣ ከድርቆሹ በኋላ ብቅል። ልንሸጠው ነው ስንላት የተቀየመችን እሷው ናት።

ገዢው መጣ። ጨርቁን ዳሰሰ፣ እግሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ (መኪና የሚገዛ ሰው ጎማ እንደሚመታው፤ ምን እንደሚያውቅበት እንጃ)፣ አንድ ኳስ አንስቶ መሃል ላይ አስቀመጠና ለቀቃት። ኳሷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ግቢው በኩል መንገድ ጀመረችና ጥግ ካለው ቀዳዳ ገባች። እጁን ሰዶ ሲያወጣት አብራት አንድ ደረቅ ዛላ በርበሬ ወጣች።

«ያዘነብላል።»

በረንዳ እኮ ነው! በረንዳ ሲለሰን የዝናብ ውሃ ወደ ቤት እንዳይገባ ሆን ተብሎ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ያዘነበለው ወለሉ ነው። ጠረጴዛውማ ከጨርቁ በታች ድንጋይ ነው። ደላላው እምነበረድ ይለዋል፤ እምነበረድ አይደለም፣ ፈረንጅ ድሮ ልጆቹን ፊደል ያስጽፍበት፣ ጣሪያውንም ያለብስበት የነበረው ግራጫ ድንጋይ ነው። እንግሊዞች በ1820ዎቹ ወደ ድንጋይ የዞሩት እንጨቱ እርጥበት ባገኘው ቁጥር እየተጣመመ ስላስቸገራቸው ነው። ድንጋይ አይጣመምም። ይህን ሁሉ ለገዢው አስረዳሁት። በትህትና አዳመጠኝና «መጨረሻውን ንገረኝ» አለ።

ለነገሩ ከማዘንበል ጋር ያለን ጉዳይ የቆየ ነው። ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙ ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ምን ታደርጋላችሁ? ጎንበስ ብላችሁ ቆርኪ ትፈልጋላችሁ። ቆርኪ ከሌለ የሲጋራ ፓኮ፣ ፓኮ ከሌለ አራት ላይ የታጠፈ ደረሰኝ፤ ደረሰኝ ከሰጧችሁ ማለቴ ነው። አናጢዎቻችን ሦስት እግር እኩል ቆርጠው አራተኛውን ለቆርኪ የሚተዉት ይመስለኛል። የእኛ ቤት ቁምሳጥን እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንድ እግሩ የቆመው በታጠፈ ካርቶን ላይ ነው። ቤት ስንቀይር ካርቶኑም አብሮ ተጭኗል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያለው ሰውም ወጥ ይሥራ እንጂ እንጀራ ጋግሮ አያውቅም። ምጣድ ትንሽ ካዘነበለ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ እንጀራው በዚህ በኩል ትራስ፣ በዚያ በኩል ወረቀት ይሆናል። እማዬ ጭሱን ሽሽት አንድ ዓይኗን ጨፍና ጉልቻውን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች፣ አለቀ። ውሃ ልክ የሚባል ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም። ኧረ ወዴት ነው የምሄደው? ከገዢው ጋር በዋጋ ከተስማማን በኋላ ጠረጴዛውን መፍታቱን ልንገራችሁ።

መፍታቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ደላላው «ስኑከር» ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። ስኑከር ቢሆንማ 12 ጫማ ርዝመት፣ 5 ድንጋይ፣ ከ10 ኩንታል በላይ ክብደት ነውና በረንዳውም አብሮ ይሸጥ ነበር። የእኛ 8 ጫማ፣ 3 ድንጋይ ነው፤ እሱም ይበቃል። በመጀመሪያ ጎማ ያላቸው ጎኖች ከሥር ብሎናቸው ይፈታል፣ ከዚያ ጨርቁ ይነሳል፣ ከዚያ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ሰም ይፋቃል። ጨርቁን ስንገፈው የሦስት ዓመት በርበሬ ተነሳ። ጠረጴዛውን የሚፈታው ባለሙያ፣ ረዳቶቹ፣ እኔና የጎረቤት ድመት በአንድነት አስነጠስን። ባለሙያው እያስነጠሰ ድንጋዮቹ ላይ በጠመኔ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ጻፈ፤ ተራቸው ከተዛባ መገጣጠሚያው ላይ ኳስ ትዘላለች።

ገዢው «ገጥመህ አስረክበኝ» ስላለ እኔም ጋቢና ገባሁ። ሰፈሩ ስንደርስ አይሱዙው ሞተር ሳያጠፋ ስድስት ጎረምሶች ከበቡን። «ማውረድ የኛ ነው።» መልካም፣ አውርዱ። በቁራጭ ቆጠሩት፦ ድንጋይ 3፣ እግር 4፣ ጎን 6፣ የኳስ ካርቶን 1። ተከራክረን ተስማማን። ከዚያ አንደኛው ድንጋዩን አየና «ይሄ ይሰበራል፣ እጃችንን አናስገባም» አለ። እንግዲያው እኛው እናውርድ? «አውርዱ፤ ክፍያው ግን ያው ነው።»

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። ሰው ለሠራው ሥራ ውድ ይጠይቅ፣ ይሁን፤ ኑሮውን አውቀዋለሁ። ነገር ግን የገዛ ዕቃዬን በገዛ ወገቤ ተሸክሜ፣ እጁን አጣጥፎ ለቆመ ሰው የመቆሚያ ልክፈል? ይህን ማን ሕግ አደረገው? ቤት የቀየረ ሰው ሁሉ ፍራሹን አቅፎ በየሰፈሩ የሚለማመጠው ምን አጥፍቶ ነው? ሹፌሩ ጆሮዬ ሥር «ክፈልና እንገላገል» ይለኛል። እሱም በፊት ከፍሎ ተገላግሏል፣ ከእሱ በፊት የመጣውም ከፍሎ ተገላግሏል፤ ለዚህ ነው ዛሬ ስድስት ሆነው የጠበቁኝ። ከፈልኩ።

ሦስተኛው ድንጋይ ሲነሳ ግን ከስድስቱ አንዱ፣ በጣም ቀጭኑ፣ ዝም ብሎ መጥቶ ጥጉን ያዘ። ማንም አላዘዘውም። ውስጥ ገብቶም አልወጣም፤ ባለሙያው ውሃ ልኩን እያስቀመጠ እግሮቹ ሥር ስስ እንጨት ሲወትፍ ቁጢጥ ብሎ ያያል። «ልክ ነው» አለ ባለሙያው። ገዢው ኳሷን ለቀቃት። አሰበች፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄደች።

«አላልኩህም? ያዘነብላል!»

ልጁ ተነስቶ ውሃ ልኩን ግራውን ወደ ቀኝ አዙሮ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ቅድም መሃል የነበረችው አረፋ ወደ አንድ ጎን ሸሸች። «ያዘነበለው ይሄ ነው» አለ። ባለሙያው ተቆጣ፤ ከመርካቶ አዲስ፣ ከነላስቲኩ እንደገዛው ማለ። ገዢው ክርክሩን አልጠበቀም፤ 5,000ውን ቆርጦ ቀሪውን ላከልኝ።

እማዬ ባዶውን በረንዳ እያየች እንዳኮረፈች ነው። በርበሬ የሚገዛበት ወር ደርሷል። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ አራት እግር ያለው ነገር የምትሸጡ ካላችሁ ንገሩኝ። ቢያዘነብልም ግድ የለንም፤ ዋጋው ላይ ግን እንነጋገራለን።