ለእኛ ቦርጭ ቁጥር የለም ወይ?

ድሮ ወገባችንን በሜትር የሚለካው ልብስ ሰፊ ብቻ ነበር። እሱም ጨዋ ነው፤ ሆድ ገፋ ብሎ ቢያገኘው «ጋሼ፣ ትንሽ ሰፋ እናደርገዋለን» ብሎ ያልፋል። ዛሬ እዚህ ፓሳዴና የልጅ ልጄን የምታህል ነርስ ሸሚዜን አስገልባ ሜትሯን ታዞርብኛለች። ሆዴን ሳብ ባደርግ «አይሆንም፣ ይተንፍሱ» አለችኝ። ተነፈስኩ። ሆዴም ከትንፋሼ ጋር ወጣ። 104 ሴንቲ ሜትር!

«የሱሪዬ ቁጥር እኮ 36 ነው» ብል ማን ይስማኝ። አልዋሸሁም፤ ሱሪዬን የምታጠቀው ከቦርጬ በታች ነው። እነሱ ደግሞ የሚለኩት ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ሱሪዬ ከደረሰበት ዘመን ያለፈው ቦታ ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አቬኑ ቡና የምንጠጣ እኩዮቼ በሙሉ 36 ነን፤ ለዓመታት ንቅንቅ አላልንም።

በፊት ጣጣው ኪሎና ቁመት ብቻ ነበር። ሁለቱን የሚያዛምደውን ስሌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው ቤልጅማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ከዋክብት የሚመረምር የሒሳብ ሰው ነበር። ሰማዩን ትቶ እኛ ሆድ ላይ ምን አወረደው? ቢሆንም ሚዛን ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ ማመካኛ አይጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ 52 አገሮችን ያዳረሰው የኢንተርሃርት ጥናት ግን ለድንገተኛ የልብ ሕመም አደጋ ከኪሎ ስሌቱ ይልቅ የወገብና የዳሌ ንጽጽር የተሻለ ይጠቁማል ብሎ ማመካኛዬን ነጠቀኝ። ለካ ስኳሩን፣ ደም ግፊቱንና ኮሌስትሮሉን ይበልጥ የሚያመሰቃቅለው በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ነው። የወገቡ ልክ ለዳሌው ልክ ሲካፈል ለወንድ 0.90፣ ለሴት 0.85 ከደረሰ አደጋ አለ ይላሉ። ባለቤቴ ይህን ከሰማች ወዲህ በዳሌዋ የምትኮራው ኩራት ቤቱን ሞልቶታል።

ሌላም መለኪያ አለ፤ ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ በታች ይሁን የሚል። ሽማግሌ ደግሞ ቁመቱ ያጥራል። እኔ በዕድሜ ባጠርኩ ቁጥር የተፈቀደልኝ ወገብም አብሮ ይቀነሳል ማለት ነው። ፍርድ ነው ይሄ? ጃፓንማ ከ2008 ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያለውን ሰው ወገቡን እየለካች ወንዱን በ85 ሴንቲ ሜትር ትይዘዋለች። ዕድሜዬ ስላለፈ ተመስገን ነው።

ጾመኛ ነኝ ብዬም ተከራክሬ ነበር። ልጄ «አባባ፣ በያይነቱ ላይ የሚፈሰው እኮ የጾም ቢሆንም ዘይት ነው» አለችኝ። ያንን በያይነቱ ለመብላትም በ110 መንገድ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መሄድ፣ በልቶ ተቀምጦ መመለስ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን የ2006 ሠንጠረዥ ነው። የአውሮፓ ወንድ ወሰኑ 94፣ የደቡብ እስያና የቻይና 90። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካዊስ? የራሱ መረጃ እስኪገኝ በአውሮፓው ይለካ! የሰው ጫማ አድርገን ኖረናል፣ አሁን በሰው ቦርጭ? አሜሪካኖቹ ደግሞ ወሰኑን 102 አድርገውታል። እንግዲህ 98 የሆነው ጓደኛዬ ሎስ አንጀለስ ሳለ ደህና፣ አዲስ አበባ ሲያርፍ ለሕመም የተጋለጠ ነው። እኔ በሁሉም መውደቄ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የምከራከረው ለመርሁ ነው።

ተመራማሪዎች ሆይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ኑ። ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ በስተደቡብ፣ ከተማው በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ሰፈር ሞልተን ታገኙናላችሁ። ረጅም ሜትር ይዛችሁ ለኩን፣ የራሳችንንም ቁጥር ስጡን። አደራ፣ ከምሳ በፊት ድረሱ።