የኔታ ግንቡን ሲያርሙ

የጋይንት ሰው ጎንደር ሲሄድ ሁለት ስንቅ ይይዛል፤ በሶና አስተያየት። በሶው ደብረ ታቦር ሳይደርስ ያልቃል። አስተያየቱ ግን ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ተርፎም ለጎረቤት ይታደላል። በ2017 ዓ.ም. ፋሲል ግንብ በእድሳት ላይ ሳለ የኔታን አጅቤ ወደ ጎንደር የሄድኩ ጊዜ፣ በሶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሌላውን ስንቅ እሳቸው።

የኔታ የቤተ ልሔም ሰው ናቸው። የይሁዳዋን ማለቴ አይደለም፤ የጋይንቷን ነው። በድጓ ሰዎች ዘንድ ይህችኛዋ ከዚያችኛዋ እምብዛም አታንስም። ተማሪው የትም አገር ተምሮ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ድምፁ በየደብሩ ተመስግኖለት ሊሆን ይችላል። ቤተ ልሔም ሲደርስ ግን አኩፋዳውን አውርዶ እንደ አዲስ ይቀመጣል፤ ምስክር ቤት ናትና። መጽሐፉ ይታያል፤ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ይዘቱ፣ ጭረቱ በየቦታው መሆኑ ይመረመራል። አንዲት ርክርክ ያለ ቦታዋ ገብታ ከተገኘች የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይህችን ከማን ሰማሃት?» ይላሉ። «ከራሴ» ያለ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢኖርም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

እኔ ጾመ ድጓ ላይ ሳለሁ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ያዘነበልኩ የቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው ነኝ። የእኅታቸው ልጅ አዘዞ ላይ ልጅ ክርስትና ታስነሣለች ተባለ፤ መንገዱም ሰላም ነው ተባለ፤ «አንተ ከተማ ታውቃለህ» ተብዬ ተመረጥኩ። ከነፋስ መውጫ ተነሥተን ክምር ድንጋይን፣ ደብረ ታቦርን፣ ወረታን አልፈን አዲስ ዘመን እስክንደርስ የኔታ አብዛኛውን መንገድ በዝምታ ነበሩ። ዝምታ ስል ከንፈራቸው አልቆመም፤ ውዳሴያቸውን ያደርሱ ነበር። ሹፌሩም አክብሮ ሙዚቃውን ዝቅ አደረገላቸው፤ አላጠፋውም እንጂ።

እንፍራዝ አካባቢ ስንደርስ በመስኮቱ ከኮረብታው ላይ ያለውን ግንብ አዩ።

«ይኼ የማን ነው?»

«ጉዛራ ይባላል፣ የኔታ። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ቤተ መንግሥት ነው።»

«ከፋሲል በፊት የነበሩት?»

«አዎ፣ በፊት።»

«እንግዲያው ፋሲል ከማን ሰማው ብለን አንደክምም» አሉ ተመቻችተው እየተቀመጡ። «መምህሩ ይኸውልህ።»

ይህን የሰማ ከፊታችን የተቀመጠ ተሳፋሪ ዞር አለ። በታሪክ መጻሕፍት ጎንደርን ማን ገነባው፣ ፖርቱጋሎች ናቸው ወይስ ህንዶች እየተባለ የተጻፈውን ሁሉ የኔታ በአንድ መስኮት ዘጉት። ለነገሩ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። አገሬው ግንብ መሥራት ከጀመረ ቆይቶ ሳለ አንድ ትውልድ ዘሎ የውጭ አስተማሪ መፈለግ፣ ቤት ያለን ወላጅ ትቶ የልጁን መልክ ከጎረቤት እንደ መፈለግ ነው።

ክርስትናው በማግስቱ ስለሆነ ከሰዓት በኋላውን ለግንቡ ሰጠነው። በሩ ላይ አንድ አስጎብኚ ተቀበለን፤ ንግግሩን እንደ ውዳሴ ማርያም የቀጸለ ወጣት ነው። ግቢው ሰባ ሺህ ካሬ ሜትር እንደሚሆን፣ የዙሪያው አጥር ዘጠኝ መቶ ሜትር እንደሚረዝም፣ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 እንደነገሡ፣ ቦታው በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ እንደሰፈረ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። የኔታ ቁጥር አይማርካቸውም፤ ዝም ብለው ሰሙት። አሥራ ሁለቱን በሮች መጥራት ሲጀምር ግን ጆሯቸው ቆመ። ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ ርግብ በር፣ እንቆዬ በር፣ ተዝካሮ በር...

«የቱ ነው ተዝካሮ?»

ልጁ በእጁ አመለከታቸው።

«ተዝካር ለብቻው በር የተሠራለት አገር ነበር በለኛ!» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «አየህ፣ ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው። ዛሬ ለተዝካር በር ቀርቶ ድንኳን የሚከራይ ጠፍቷል» አሉ። ወዲያ ወዲህ አዩ። በዚያ በር በኩል የሚወጣ የጠላ ሽታ ቢኖር ኖሮ ጉብኝቱ እዚያው ያበቃ ነበር።

ዋናው ግንብ በመወጣጫ እንጨት ተከብቧል። ከላይ ሰዎች ይፍቃሉ፣ ከታች ሰዎች ያቦካሉ፣ በመካከል ባልዲ በገመድ ይወጣል፣ ይወርዳል። አቧራው ነጭ ነው፤ ሁሉም ሠራተኛ ገና ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስላል። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አንገታቸውን እስኪያማቸው ወደ ላይ አዩ። ሠላሳ ሁለት ሜትር ይሆናል ተብሎ የሚነገርለት ግንብ ነው፤ አንገት ያማል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኖራው ጉድጓድ ሄዱ። ፎርማኑ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ነገረ ሥራው የታረመ ሰው ነበር፤ መስቀል ተሳልሞ ቆመ።

«ልጄ፣ እንቁላሉ የት አለ?» አሉት።

«የምን እንቁላል፣ የኔታ?»

«ግንቡ የሚጣበቅበት ነዋ!»

ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ጢስ ዓባይ ጋ ያለውን የአላታን ድልድይ ሕዝቡ የእንቁላል ድልድይ ይለዋል፤ የጥንት ግንብ ሁሉ በእንቁላል ተለስኖ እንደቆመ ሽማግሌው ሁሉ ይነግርሃል። ፎርማኑ ለመሳቅ ቃጣውና አከበራቸው። «አባቶች እንዲህ ይሉናል። እኛ የምናውቀው ኖራና አሸዋ ነው። እንቁላል ከገባማ በዛሬው ዋጋ አንዱን ግድግዳ ሳንጨርስ ጎንደር ያለ ዶሮ ወጥ ፋሲካ ትውል ነበር።»

ይህ መልስ አስደሰታቸው። ዋጋ የሚያውቅ ሰው አይዋሽም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ቁጭ አሉ። የኔታ ደግሞ ቁጭ ካሉ ምርመራ ጀመሩ ማለት ነው።

ፎርማኑ በትዕግሥት አስረዳቸው። የኖራው ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል። የተቃጠለው ውኃ ሲነካው እየጮኸ ይፈላል፣ ይፈርሳል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ በውኃ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በቆየ ቁጥር እየለዘበ እየተሻለ ይሄዳል። ከተለሰነ በኋላም ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ውኃ ይርከፈከፍለታል፤ ቶሎ የደረቀ ይሰነጠቃል።

«ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«የቸኮለ በሳምንታት ያወጣዋል። ወራት ቢቆይ ግን ይመረጣል።»

«የቸኮለማ እኛም ጋ አለ» አሉ፤ እኔን ሳያዩ።

ቀጥለው ወደ ጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት በዘንጋቸው እያመለከቱ ያ ለምን ከሌሎቹ ተለየ አሉ። አስጎብኚው ቀደመና ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እንደለሰኑት ነገራቸው። ፎርማኑ ደግሞ የከበደውን ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጥገና ተብሎ ግንቦቹ ውስጥ ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ተጨምሮ ነበር። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ጉዳቱም ከዚያው ከጥንካሬው ይመጣል። እርጥበቱን ከውስጥ ቆልፎ ያስቀረዋል፤ መውጫ ያጣው ውኃ ድንጋዩን ይበላዋል። በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ጥገና ይህን በኖራ የማስተካከል ሥራ ተሠራ።

የኔታ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ደገፉ። «ጥሊያን የራሱን ዜማ ጨመረበት በለኛ!»

«እንደሱ ነው፣ የኔታ።»

«ከማን ሰማው?»

«ከማንም።»

«አይ!» አሉ በእውነተኛ ኀዘን። የመስኮትና የበር ቅርጽ ያልገረማቸው ሰውዬ ሲሚንቶው ሆዳቸውን አባባው። እሳቸው ድጓ ሲያርሙ ያየ ሰው ይረዳቸዋል። ከተማሪው መጽሐፍ ላይ ያለ ቦታው የገባውን ምልክት በቢላዋ ጫፍ ይፍቃሉ፤ ብራናው ሳይበሳ፣ ከጎኑ ያለው ሳይነካ። የተፋቀበት ላይ የሚጻፈው ደግሞ የእሳቸው ምርጫ አይደለም፤ ከመምህራቸው የሰሙት ነው። የምልክቶቹ ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጀምሮ የወረደ ነው ይባላል፤ የዜማው ባለቤት ቅዱስ ያሬድ ነው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ቦታ «ለዓይን እንዲያምር» የሚል ምክንያት የለም።

በመካከሉ ስልኩን ዘርግቶ ግንቡን የሚቀርጽ አንድ ጎረምሳ ወደ ወሬው ገባ። ቅር ብሎታል። «ግንቡ እኮ ነጣ! እርጅናው ነበር ውበቱ» አለ።

የኔታ ጢማቸውን ዳበሱ። «እርጅና ውበት ከሆነ ከበሩ ጀምሮ እኔን ማንም ፎቶ ያላነሣኝ ለምንድን ነው?»

ጎረምሳው አፈረና ወዲያው አነሣቸው። ከዚያ አስጎብኚው፣ ከዚያ ሁለት ለሳኞች ተራ ያዙ። ግንቡ ለጥቂት ጊዜ ተመልካች አጣ።

እኔ ግን ለጎረምሳው ትንሽ አደላለሁ። የድንጋዩ ሽበትና የዛፍ ሥሩ ግድግዳ እንደሚሰነጥቅ አይጠፋኝም፤ መነቀሉም መልካም ነው። ሆኖም ይህ ግቢ ያላየው መከራ የለም። የታላቁ ኢያሱን ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ደገመው። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት፤ በ1888 ድርቡሽ ገባባት። ይህን ሁሉ ያለፈ ግድግዳ ትናንት ተመርቆ የተከፈተ ሆቴል ከመሰለ የሆነ ነገር ተደብቆብናል። ይህን ለየኔታ ብነግራቸው፣ «ጠባሳን ማስታወስ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ የለሳኙ ሥራ ዝናብ እንዳይገባ ማድረግ ነው» አሉኝ። ለጊዜው መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም እየፈለግኩ ነው።

ፎርማኑ የኔታን ወደዳቸው። ሻይ አስመጣና፣ «እናንተ ጋስ፣ ቤተ ልሔም፣ ጥንታዊ ሕንፃ አለ ይባላል» አለ።

የኔታ እስከዚህች ሰዓት ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር። አስተያየታቸውን ከነከረጢቱ ፈቱት።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ነገር እንዲህ ነው። ከውጭ ለሚያይ እንደ ብዙው የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ቤት አለ፤ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፣ አራት ማዕዘን፣ በጣም የቆየ። የጥንቱ ሳይነካ ክቡ ከላዩ ለበሰው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓክንሃም የተባለ የአየርላንድ ዘር ያለው ወጣት የነገሥታቱን ልጆች እስር ቤት ወኅኒ አምባን ፍለጋ በዚህ አገር ሲዞር እዚያ ደረሰ። ከሣር ክዳኑ ሥር የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ አገኘና በደስታ ሰከረ። በ1959 ባወጣው መጽሐፉም ለዓለም አበሠረ። የኔታ ይህን ታሪክ ሰምተውታል፤ «አገኘው» በሚለው ላይ ግን አይስማሙም። «ተማሪው ሌሊት ሌሊት እዚያው ቆሞ ሲያዜም፣ ሰውዬው ያገኘው ምኑን ነው? በሩ ክፍት ነበር» ይላሉ።

«ስለዚህ እኛ ጋ» አሉት ለፎርማኑ፣ «ኖራ የለ፣ መወጣጫ የለ፣ የሚፋቅ የለ። የአባቶችን ቤት ሌላ ቤት አለበስነው። ዝናቡ የሚያገኘው ልብሱን ነው። ልብሱ ሲያረጅ ሌላ ይለበሳል፤ ገላው እንዳለ ነው።»

ፎርማኑ አሰበበት። የሥራ ሰው ነውና ሐሳቡን ወደ ሥራ ለወጠው። «እንግዲህ ፋሲልንም ጎጆ እናልብሰው ነው የሚሉን?»

የኔታ ቀና ብለው ከሥር እስከ ጫፍ ለኩት፤ ማማዎቹን ቆጠሩ፣ ዙሪያውን በዓይናቸው ዞሩ። ዘንጋቸውን ከፍ አድርገው የጣሪያውን መዘንበል በአየር ላይ ሣሉ።

«ሣሩን ጋይንት ያጭዳል» አሉ በመጨረሻ። «ማገሩንም እስቴና ስማዳ ያዋጣሉ። ምሰሶውን ግን እናንተው ፈልጉ።»

ፎርማኑ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ «እናንተ፣ የሠላሳ አምስት ሜትር ባሕር ዛፍ የት ይገኛል?» ብሎ ጮኸ። ከላይ ከመወጣጫው አንዱ፣ «እንጦጦ ጠይቅ!» አለው።