ሽሮ እንደ ሕገ መንግሥት፦ በአንድ የደሴ ቤት ድስቶች ላይ የተደረገ ጥናት

ስለ ተቻችሎ መኖር በአገራችን ብዙ ስብሰባ ተደርጓል። በየስብሰባው ንግግር ይደረጋል፣ ከንግግሩ በኋላ ምሳ ይቀርባል። ንግግሩ ይቀረጻል፣ ይተየባል፣ በጥራዝ ይወጣል። ምሳውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ይህ ጥናት ከምሳው ይጀምራል።

የጥናቱ ቦታ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ግቢ ነው። ናሙናው አንድ ቤት ብቻ መሆኑን የሚነቅፍ ምሁር ካለ፣ መጥቶ በር ላይ የተከመረውን ጫማ እንዲያይ ተጋብዟል። አባወራው ሙስሊም ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተውባቸው ከአራት ልጆች ጋር ቀሩ። እመቤቲቱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እሳቸውም ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት ልጆች ይዘው ገቡ። ከተጋቡ በኋላ ሁለት ተጨመሩ። የአባወራው እናት አሉ። "ለአንድ ሴሚስተር" ብሎ መጥቶ ዲግሪውን ከያዘም በኋላ አልጋውን ያልለቀቀ የእህት ልጅ አለ። ከእመቤቲቱ ልጆች ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጴንጤ ሆኖ ተመልሷል። የጋራዎቹ ሁለቱ ልጆች ሃይማኖታቸውን ሲጠየቁ መልሳቸው እንደ ወሩ ነው፤ መስቀል ሲደርስ ኦርቶዶክስ፣ ዒድ ሲቃረብ ሙስሊም ይሆናሉ። አጥኚው ይህን የአቋም መዋዠቅ ሳይሆን ወቅታዊ ፍልሰት ብሎ መዝግቦታል።

በትምህርት ቤት መዝገብ እነዚህ ልጆች ወንድምና እህት አይደሉም፤ ሁሉም በየአባቱ ስም ይጠራል። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ግን ዘጠኙም የአንድ እናት ልጆች ሆነው ይወጣሉ፤ የተመታው ልጅ አባት ክስ ሊያሰማ ሲመጣም በር ላይ ለየትኛው አባት እንደሚናገር ግራ ይገባዋል። የእንጀራ እናትን አጠራር በተመለከተ ሦስት ደረጃዎች ተለይተዋል። ትንንሾቹ "እማ" ይላሉ፣ መካከለኞቹ "እትዬ" ይላሉ። የአባወራው የበኩር ልጅ ምንም አይልም፤ ዞር ብለው እስኪያዩት ጉሮሮውን እየጠራረገ ይቆማል። ይህን ዘዴ ለዓመታት ስለተጠቀመበት ሐኪም ቤት ወስደውታል።

አሁን ወደ ድስቱ። እንደሚታወቀው ክርስቲያን በክርስቲያን እጅ የታረደውን፣ ሙስሊም በሙስሊም እጅ የታረደውን ይበላል። ወሎ ውስጥ በአንድ መሶብ አብረው ያደጉ፣ ተጋብተው የወለዱ፣ አንዱ የሌላውን ቀብር የቆፈረ ሰዎች እንኳ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። ስለዚህ ቤቱ ሁለት የሥጋ ድስት አለው። አንዱ እጀታው የወለቀ፣ ሌላው ክዳኑ የጎበጠ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም፤ ግን የአራት ዓመቷ ልጅ ሳትቀር ታውቃለች። ድስቶቹ ጎን ለጎን ይጣዳሉ፣ ጎን ለጎን ይታጠባሉ። ማማሰያ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ዕለት ግን ሁለቱም ድስቶች ለጎረቤት ውሻ ይሰጣሉ። ውሻው በዚህ ቤት ላይ ያለው አስተያየት በጣም ጥሩ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ግኝት አጥኚውን ራሱን አስገርሞታል። ቤቱ የሚከፈለው በጾም ሳይሆን በፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብ ቤቱ አንድ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን አንድ ነው። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ አንድ ነው። ፋሲካ ደርሶ በዓለ ሃምሳ ሲገባና ሁሉም የፈለገውን መብላት ሲችል፣ ያን ጊዜ ትሪው ሁለት ይሆናል። ልጆቹ "ለምን ከእነሱ ጋር አልበላም?" ብለው የሚያለቅሱት በበዓል እንጂ በጾም አይደለም።

አንድ የሚያደርጋቸው ደግሞ ሽሮ ነው። ሽሮ አይታረድም። ለጿሚ ጾም ነው፣ ለሙስሊም ሐላል ነው፣ ለጴንጤው ደግሞ ጸልዮበት የማይበላው ነገር የለም። ከዓመት እስከ ዓመት፣ በየትኛውም የዘመን አቆጣጠር፣ ሁሉም እጁን የሚዘረጋበት ብቸኛ ወጥ እሱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ106 አንቀጽ የሠራውን ይህ ቤት በሦስት ጨርሶታል። አንደኛ፣ በዘይት ይሠራል። ሁለተኛ፣ ቅቤ የፈለገ ከወጣ በኋላ በራሱ ጥግ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ ቦዘና ሽሮ ከዚህ በር አይገባም። ሦስተኛው አንቀጽ የተጨመረው የእህት ልጅ አንድ ቀን ከምግብ ቤት ቦዘና ሽሮ አስጠቅልሎ ከመጣ በኋላ ነው። ሽሮ ውስጥ ሥጋ መደበቅን አያት እንደ ሌብነት ሳይሆን እንደ ክህደት ነው ያዩት።

ሥርዓቱ ከባድ ፈተና የገጠመው በ2017 ዓ.ም. ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን በየካቲት 22 ተከተለ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ግድም ስለሚያጥር ረመዳን ወደ ኋላ እየተሳበ ሁሉንም ወቅት ይጎበኛል፤ ሁዳዴ ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ወዲህና ወዲያ ይላል። ሲገናኙ የሚገናኙት ኩሽና ውስጥ ነው። ሌሊት ለሱሁር የሚነሱትና ኪዳን ለማድረስ የሚነሱት እመቤት አንድ ክብሪት ይጋራሉ። ኦርቶዶክሶቹ ከቀኑ 9 ሰዓት ይቀምሳሉ፣ ሙስሊሞቹ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ያፈጥራሉ። የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ይሆናል። በመሆኑም ኦርቶዶክሶቹ ልጆች በ9 ሰዓት በልተው ሲያበቁ አዛን ሲሰማ ደግሞ ከማንም ቀድመው ተሰልፈው ተገኝተዋል። የጋራዎቹ ሁለቱ በሁለቱም ሰዓት በልተዋል፤ ስለ ጾሙ ሲጠየቁም ሁለቱንም እየጾሙ መሆናቸውን አስረድተዋል።

ችግሩ ጨው ነበር። ለማፍጠሪያ የሚሠራውን የሥጋ ሾርባ ማን ይቅመሰው? እመቤቲቱ ቢቀምሱ ሁዳዴ ነው፣ ሥጋውም የእሳቸው አይደለም። የእንጀራ ልጃቸው ብትቀምስ ረመዳን ነው። ትንንሾቹ ሲቀምሱ ሁሉም ነገር "ይጣፍጣል" ነው፤ በሳይንሳዊ መለኪያ ዋጋ የለውም። ጴንጤው ልጅ ሃይማኖታዊ ጥቅሙ ለቤተሰቡ ግልጽ የሆነው ያን ጊዜ ነው። እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ ብለው ሦስት ዓመት አልቅሰዋል። ያን ወር ግን በየማታው "ልጄ፣ ና እስኪ ቅመስልኝ" እያሉ ሲጠሩት ተሰምተዋል። አንድ ዓርብ እሱም ለማንም ሳይናገር የጾም ጸሎት ይዞ ነበር። ያን ማታ ሾርባው ባሕር ሆኖ ቀረበ፤ አባወራው አንድ ማንኪያ ቀምሰው "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ከዚያ ውሃ ጠየቁ።

ዒድ መጋቢት 21 ሲውል ሁዳዴው ገና ነበር። ሙስሊሞቹ ሥጋ በሉ፣ ለኦርቶዶክሶቹ ሽሮ ወጣላቸው። ሚያዝያ 12 ለፋሲካ ደግሞ ዶሮው ሲወጣ ለሙስሊሞቹ ሽሮ ወጣ። ቂም አልተያዘም። ዓሣ መሐል ሊገባ ሞክሯል፤ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ትኩሱ አይታጣም፣ ቢስሚላም በስመ አብም ሳይባልበት ይበላል። ነገር ግን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ኦርቶዶክሶቹን እርስ በርስ ስላጣላ፣ ሙስሊሞቹ "ለሰላም ሲባል ይቅር" ብለው አስቀሩት።

የማስረጃ ሕግን በተመለከተ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። ይህ ቤት ውስጥ ልጅ ሲዋሽ በሌላው ሃይማኖት ይምላል። ስኳሩን የጨረሰው ኦርቶዶክስ ከሆነ "ወላሂ እኔ አይደለሁም" ይላል፤ ሙስሊም ከሆነ "ማርያምን!" ይላል። አያት ይህን ስለደረሱበት መሐላ ሲሰሙ ዝም ብለው ሰምተው "አሁን ደግሞ በራስህ ማል" ይላሉ። ምርመራው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያልቃል። ሥራ ላይ ግን ሁሉም የሁሉንም በዓል ያከብራል። ወር በገባ በ21 ልብስ እጠቡ ሲባሉ "ዛሬ ማርያም ናት" ብሎ የሚቃወመው አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊሙ ልጅ ነው።

አያት ቁርአን እንጂ ባሕረ ሐሳብ አልተማሩም፤ ሆኖም ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 መግባቱን ለኦርቶዶክሶቹ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። ቅቤውን የሚቆልፉት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ቡና ሲፈላ ዱዓ የሚያደርጉትም እሳቸው ናቸው፤ ግማሹ "አሚን"፣ ግማሹ "አሜን" ይላል፣ ጴንጤው ደግሞ ትንሽ አስረዝሞ ይጨርሳል።

ጥናቱ ሊጠናቀቅ ሲል ከአሜሪካ የአባወራው ታናሽ ወንድም መጣ። ሥጋ አልበላም አለ። ከየትኛው ድስት እንደሆነ ተጠየቀ፤ ከሁለቱም አለ። ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አልነካም አለ። አያት ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ክርስቲያን ሆንህ እንዴ?"

"አይ እማ፣ ቪጋን ነኝ።"

"እሱ ደግሞ መቼ ነው የሚፈታው?"

"አይፈታም።"

አያት ወደ ምራታቸው ዞሩ። "አንቺ፣ በእናንተ እንዲህ ያለ አለ?"

"ኧረ የለም፣ እማማ፤ የመነኩሴውም ቢሆን ለፋሲካ ይፈታል።"

አያት አሰቡ። ልጁ ከዓመት እስከ ዓመት ሽሮ የሚበላ፣ በየትኛውም ትሪ የሚቀመጥ፣ ሦስቱንም አንቀጾች ከማንም በላይ የሚያከብር ሰው መሆኑን አጥኚው ሊያስረዳ ቢሞክር አልተፈቀደለትም። ውሳኔው ወዲያው ተሰጠ። "ሽሮውን በዘይት አውጡለት፣ ይብላ። ግን በቶሎ ሚስት ፈልጉለት። በኛ መነኩሴ የለም።"