ኤክስ ወይስ ራይት

እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ሰብረው ሲገቡ እዚያው ቢከርሙ ኖሮ፣ እኔ ለንደን ላይ ድምፅ ለመስጠት ይህን ሁሉ ዘመን ባልጠበቅሁ ነበር። እነሱ ግን ዘውዱን፣ ታቦቱንና የብራናውን መጽሐፍ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ውልቅ አሉ። አገሬ ነፃነቷን ይዛ ቀረች፤ ጣጣው ለእኔ ተረፈ። እንግሊዝ ውስጥ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው እንግሊዝ ገዝታቸው የነበሩ አገሮች ማኅበር) አገር ዜጋ የሆነ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ለፓርላማ ይመርጣል። አብሮኝ የሚሠራው ኬንያዊ በመጣ በዓመቱ መረጠ። እንግሊዝ ገዝታት የማታውቀው ሩዋንዳ እንኳ በ2009 (ከዚህ ወዲያ “ዓ.ም.” ካላልኩ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ኮመንዌልዝ ገብታለች። ልብ በሉ፤ በ2024ቱ ምርጫ አንዱ ትልቅ ጭቅጭቅ ጥገኝነት ጠያቂውን በአውሮፕላን ወደ ሩዋንዳ እንላክ አንላክ የሚል ነበር። በዚህ ጉዳይ ለንደን የሚኖር ሩዋንዳዊ ድምፅ ነበረው፤ አውሮፕላኑ ላይ ሊሳፈር ይችል የነበረው ሐበሻ አልነበረውም።

ስለዚህ ዜግነት መውሰድ ነበረብኝ። 50 ፓውንድ ከፍዬ ለፈተና ተቀመጥኩ፦ 24 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ፣ ለማለፍ 18። ከሄንሪ ስምንተኛው ስድስት ሚስቶች የትኛዋ እንደተፈታችና የትኛዋ አንገቷን እንደተቀላች እንደ ዳዊት ሸመደድኩ። የእኔዋ ሚስት በዚያ ሰሞን የጋብቻችንን ቀን ብትጠይቀኝ ጠፋብኝ። ለአገሩ ንጉሥ ታማኝ እሆናለሁ ብዬ ማልኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ መራጭ ሆንኩ። ማንን እንደምመርጥ ግን የፈተናው መጽሐፍ አይናገርም።

ከዚያ በፊት የመረጥኩት አንድ ጊዜ ነው፤ በ1997 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ጎህ ሳይቀድ ተሰልፌ፣ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቆሎ እያካፈሉኝ። መጨነቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወይ የገዢው ፓርቲ ንብ ነህ ወይ የተቃዋሚው ሁለት ጣት። እዚህ ግን ወረቀቱ ላይ የሌበር ጽጌረዳ አለ፣ የኮንሰርቫቲቭ ዛፍ አለ፣ የሊበራል ዴሞክራቶች ወፍ አለ፤ የሠርግ አዳራሽ መጋረጃ ነው የሚመስለው። ንብ ለለመደ ሰው ጽጌረዳ ሩቅ አይደለችም የሚል ቀልደኛ ጓደኛ አለኝ። እኔ አላልኩም።

የኮንሰርቫቲቩ የያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ምርጫ የጠሩት ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከጽሕፈት ቤታቸው በር ቆመው፣ ያለ ዣንጥላ፣ ዝናብ ላያቸው ላይ እየወረደ ነው። ፎቁ ላይ የሚኖሩት እማማ ቴሌቪዥኑን አይተው “እግረ እርጥብ ነው፤ ይቀናዋል” አሉ። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፣ ትንበያቸው ግን ብዙ ነው። ዕድሜያቸው ከ65 ስላለፈ ያንን ፈተና ሳይፈተኑ፣ የሄንሪን አንዲት ሚስት እንኳ ሳያውቁ ነው ዜግነቱን ያገኙት። ለሁለታችንም በዚህ አገር የመጀመሪያ ምርጫችን ነበርና አብረን ልንወስን ተስማማን።

እግረ እርጥቡ ብዙ አልቆዩም፤ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ወጣቶች ሁሉ ብሔራዊ አገልግሎት እናመጣለን አሉ። እውነቱን ለመናገር ከባድ ነገር አልነበረም፤ 30,000 ያህሉ ወታደር ቤት ይገባል፣ ሌላው በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ለሕዝብ ይሠራል። እኔ ግን “ብሔራዊ” እና “ወታደር” የሚሉትን ቃላት በአንድ አፍ አጠገብ ላጠገብ ተረጎምኳቸው። እማማ የያዙት ሲኒ እጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ።

“አፈሳ ጀመሩ?”

“ኧረ እማማ፣ እንደሱ አይደለም...”

“አውቀዋለሁ! መጀመሪያ እንደሱ አይደለም ነው የሚሉት።”

የልጅ ልጃቸው 17 ዓመቱ ነው። በደርግ ጊዜ ልጅ የሚደበቅበት ቆጥ ነበር፤ የለንደን አፓርታማ ቆጥ የለውም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እማማ የልብስ ቁም ሣጥኑን ባዶ አድርገው ጠበቁት። ዛፉ በዚሁ ከእሳቸው ዝርዝር ወጣ።

ጽጌረዳዋም ቢሆን እንደ ስሟ አልቀለለችልኝም። የሌበር መፈክር አንዲት ቃል ነበረች፦ ለውጥ። ስንት ለውጥ ያየሁ ሰው ነኝ! ልጅ ሆኜ አንድ መጣ፣ ጎልምሼ ሌላ መጣ፣ ከተሰደድኩም በኋላ በስልክ ሦስተኛው ደረሰኝ። “ለውጥ” ሲሉኝ መጀመሪያ የማስበው ዘይትና ስኳር መግዛትን ነው። የሌበሩ መሪ ሰር ኪር ስታርመር ግን ረጋ ብለው አባታቸው መሣሪያ ሠሪ እንደነበሩ ይናገሩ ነበር። በማግስቱም ይናገሩ ነበር። በቴሌቪዥን መድረክ ላይ ሲደግሙት ታዳሚው ሳቀ። ሱናክም አላነሱ፤ በልጅነታችን ቤተሰባችን የስካይ ቴሌቪዥን አላስገባልንም ነበር አሉ። እኛ አገር ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ እዚህ ድህነቱን ይቆጥራል። በዚህ ሚዛን ቢሆን እኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ነኝ። ዲሽ ቀርቶ ጣራችን ራሱ በየክረምቱ በድንጋይ ነበር የሚያዘው።

የወፏ ፓርቲ መሪ ኤድ ዴቪ ደግሞ ለቅስቀሳ ብለው ዊንደርሚር ሐይቅ ላይ ጣውላ እየቀዘፉ ውኃ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ወጥተው እንደገና ይወድቃሉ። ሌላ ቀን በላስቲክ ገመድ ታስረው ከከፍታ ተወረወሩ። እማማ አዘኑላቸው። “ሰው የለውም እንዴ? ዘመድ የለውም?” ብለው ሰውየውን ከመምረጥ ይልቅ ጠበል ለመውሰድ አሰቡ።

በደብዳቤ ቀዳዳ የሚገባውን የፓርቲ ወረቀት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እደረድራለሁ። ሥራዬ የሌሊት ነውና ጠዋት ስመለስ አንዱን አነሣለሁ፣ አነበዋለሁ፣ ወደ ቅርጫት እሰደዋለሁ። ሌላውን አነሣለሁ፣ አነበዋለሁ፣ እሰደዋለሁ። ኬንያዊው ጓደኛዬ አስተዋዩ መራጭ የሚወደውን ሳይሆን የሚጠላውን ሊጥልለት የሚችለውን ነው የሚመርጠው ብሎ አስተማረኝ። ምክንያቱም ከ650ዎቹ የምርጫ ክልሎች በእያንዳንዱ አንደኛ የወጣው ብቻ ይገባል፤ ለሁለተኛው የሚተርፈው ጭብጨባ ነው። ኋላ ውጤቱ ሲመጣ ሌበር ከመቶ 34 በማይሞላ ድምፅ 411 ወንበር ወሰደ፤ ሪፎርም የሚባለው ፓርቲ ከመቶ 14 አግኝቶ አምስት ወንበር ደረሰው። ሒሳቡን ለእማማ ላስረዳ ሞክሬ “ዕቁብ ቢሆን ዳኛውን እንከስሰው ነበር” ተባልኩ።

የእኛ ሠፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። ኢዝሊንግተን ሰሜን ነን፤ ጄረሚ ኮርቢን ከ1983 ጀምሮ የተቀመጡበት ወንበር። ከ2015 እስከ 2020 የሌበር መሪ የነበሩት ሰውዬ በዚያ ምርጫ ከፓርቲው ውጪ ሆነው በግላቸው ቀረቡ፤ ሌበር ሌላ ሰው አቆመ። ሐበሻው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ፓርቲውን ነው የምንመርጠው ይላል፣ ሌላው ሰውየውን። እማማ ሰውየውን ነው የሚሉት፤ ፖለቲካውን ስለሚያውቁ አይደለም፣ “በዚህ ዕድሜው ብስክሌት የሚነዳ ሽማግሌ ውሸት አይናገርም” ብለው ነው። ችግሩ ለብቻው የሚወዳደር ሰው በምርጫው ወረቀት ላይ ምልክት የለውም። ጽጌረዳዋ ለአዲሱ ሰው ቀርታለች። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ የስሙን ፊደል በወረቀት እየጻፍኩ አስጠናኋቸው። የጨረቃ ግማሽ የምትመስለዋ የመጀመሪያዋ ናት እያልኩ።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ። ምርጫ ጣቢያው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ሰልፍ የለም፣ ጠመንጃ የለም፣ ቆሎ የለም። ከፊታችን አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ገባች፤ እማማ “እሱም ይመርጣል?” አሉ። በዚህ ምርጫ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ነበር። የእማማ የአረጋውያን የነፃ አውቶቡስ ካርድ ሲያልፍ፣ ከኋላችን የነበረች ልጅ የተማሪ አውቶቡስ ካርዷን አውጥታ ተመለሰች። አውቶቡሱ አንድ ነው፤ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። እማማ ግን ክብር ተሰማቸው።

ከሰሌዳው ጀርባ በክር የታሰረ እርሳስ አለ። እማማ ከሩቅ አይተውት ክው አሉ።

“በእርሳስ? ላጲስ ይዘው ሊመጡ ነዋ!”

ከቦርሳቸው ሰማያዊ እስክሪብቶ መዘው ገቡ። ይፈቀዳል። እኔም በበኩሌ ገባሁ። ስድስት ሳምንት ያነበብኩት ሁሉ ወረቀቱን ስዘረጋ ከራሴ በነነ፤ ማንን እንደመረጥኩ ሚስቴም አታውቅም። ወጥቼ ጠበቅኋቸው። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። አስመራጯ ወደ እኔ አየች። በአምስተኛው ደቂቃ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ፊታቸው በርቶ ወጡ።

“እንዴት ነበር እማማ?”

“ቀላል ነው። ኤክስ አድርጉ ይላል አላልከኝም?”

“አዎ፣ ኤክስ።”

“የማልፈልጋቸውን በየተራ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ አደረግኋቸው። የእኛን ሰው ግን አልነካሁትም፤ ንጹሕ አድርጌ ተውኩት።”

ቆምኩ። ልጅ ሳለሁ ደብተሬ ላይ በቀይ የተሰመሩት ኤክሶች ሁሉ አንድ በአንድ ታወሱኝ፤ መምህሬ ስሕተቱን ኤክስ፣ ልኩን ራይት ሲያደርጉልኝ። በዚህ አገር የምርጫ ወረቀት ላይ ግን ኤክስ ማለት ይኼ ነው የእኔ ማለት ነው። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ፤ ወረቀቱ ግን ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል።

ዓርብ ጠዋት ደወሉልኝ። “አሸነፍን!” አሉ፣ ዕልልታው ስልኩን አልፎ ክፍሉን ሞላው። ኮርቢን 24,120፣ ተከታያቸው 16,873። ልዩነቱ 7,247 ድምፅ ነው፤ የእማማ አንዱ እንኳ የለበትም። ቡና ሊያፈሉ ጠሩኝ። ሠፈሩ ተሰብስቧል፣ ፈንዲሻው ተበትኗል፣ እማማ እስክሪብቷቸውን እያሳዩ ሥራውን ይተርካሉ። ሁለተኛውን ሲኒ ሲያቀብሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ፦

“አንተስ፣ እነማንን ሰረዝክ?”