አድዋ በክፍል በክፍል

የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት ላይ ተጀምሮ ከቀትር ብዙም ሳያልፍ ለይቶለታል። የቴሌቪዥኑ አድዋ ግን እንዲህ አይቸኩልም። ክፍል አንድ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ንቅንቅ አይልም። በክፍል ሁለት የክተት ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሠራዊቱ ሊነሣ ሲል «ሳምንት ይጠብቁን» ይባላል። የቆየ ሥዕል ቀስ እያለ ይቀርባል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ፊት የተቀመጠ ምሁር መነጽሩን ያስተካክላል። እውነተኛው ሠራዊት ያን ሁሉ አገር በእግሩ ሲያቋርጥ ማስታወቂያ አላስቆመውም።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ባለ አንድ ዓሣ ቤት የተመልካቹ ስንቅ የዓሣ ጥብስ፣ ዳጣና ሚሪንዳ ነው። ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከባንኮኒው ኋላ ስለሚቀመጥ የጦሩ የበላይ አዛዥ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። መቀሌ ላይ ጠላት ውኃ ሲቆረጥበት ተመልካቹ «ጎበዝ!» ብሎ ሁለተኛ ጠርሙስ ያዛል። ወዲያው መብራት ይጠፋል፤ ጣሊያን እንኳ እንዲህ ያለ እፎይታ አላገኘም። መብራቱ ሲመለስ ኳስ ተጀምሯል። አድዋ ለሳምንት ይተላለፋል።

የዚያው አካባቢ የጋሞ ሽማግሌዎች ግን ነገር በመጨረስ ፈጣኖች ናቸው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያ ያስቆጣቸው ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው አርባ ምንጭ ጎዳና ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። በአንድ ክፍል አለቀ።