መቀርቀሪያ

የወር አበባ ኩባያ፣ ተጠቃሚዎቿ ባጭሩ «ካፕ» የሚሏት፣ ስሟ በተነሳ ቁጥር «እሷማ የቦሌ ልጆች ዕቃ ናት» የሚል አይጠፋም። ውሃው ሙቅና ቀዝቃዛ እየተመረጠ በሚወርድበት፣ ግድግዳው ነጭ ሸክላ በለበሰበት፣ መስታወቱ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር በሚያሳይበት መታጠቢያ ቤት ካልሆነ አትሠራም የሚል እምነት አለ። እኔ ደግሞ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ቦሌ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ነው፤ ከጎንደር ተነስቶ በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ አይከል ላይ ይቆማል። ወይና ደጋ ናት፣ የጭልጋ ከተማ። እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ቧንቧው ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ያለ ጉድጓድ ነው፣ ክረምቱ ይረዝማል። ካፕ ለማን ተሠራች ብትሉኝ ለእንዲህ ዓይነቷ ከተማ እላችኋለሁ። እዚያ በምቾት እንዳትሠራ የሚያደርጋት የውሃ እጦት አይደለም፤ መቀርቀሪያ ያለው በር መጥፋቱ ነው።

በሒሳቡ እንጀምር። ካፕ ከለስላሳ ሲሊኮን የተሠራች ደወል መሳይ ዕቃ ናት፤ ከታች ትንሽ ጭራ አላት፤ እንደ መጠኗ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ ጊዜዋ የሚፈሳት ደም ደግሞ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። ቡና ይዛችሁ የምታነቡ ይቅር በሉኝ እንጂ፣ የወሩ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሲኒ አይሞላም። ስንት ዘመን ስንሸሽገው፣ ስንፈራውና ስንሸማቀቅበት የኖርነው ይህችን ታህል ነው። (ከ80 በላይ የሚፈሳትም አለች፤ እሷ ከካፕ በፊት ሐኪም ትይ።) እስከ 12 ሰዓት ድረስ ልትቆይ ስለምትችል ጠዋትና ማታ ማውጣት ለብዙዎች ይበቃል፤ ለእጅ መታጠቢያና ለማለቅለቂያ አንድ ጆግ ውሃ ካለ ሌላ አያስፈልግም። ሞዴስ ግን በየወሩ ብር ይፈልጋል፤ ብሩ ሲገኝ ደግሞ መጣያ ይፈልጋል። ውስጡ ፕላስቲክ ስላለበት ጉድጓድ ቢጥሉት አይበሰብስም፣ ጓሮ ቢያቃጥሉት ጭሱ ለጎረቤት ይናገራል። ታጥቦ የሚደገመው የጨርቅ ሞዴስ ይሻላል፤ መቀሌ ላይ ማምረቻ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጨርቅ ፀሐይ ይወዳል፤ የሐምሌ ጭልጋ ደግሞ ፀሐይ አያበድርም። ፀሐይ ወጣች ቢባል እንኳ አጥር ላይ የተሰጣን ነገር መንደሩ ሳያየው አያልፍም፤ ስለዚህ ጨርቁ ከቀሚስ ሥር ተደብቆ ይሰጣና ሳይደርቅ ይታጠፋል። እርጥብ ጨርቅ መልሶ መታጠቅ ምን እንደሚያስከትል የጤና ጣቢያ ነርሶችን መጠየቅ ነው።

አጠቃቀሙም ቢሆን ለአይከሏ ሴት ያደላል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው መመሪያ «ቁጢጥ ይበሉ» ይላል፤ እንዴት ቁጢጥ እንደሚባል ሥዕል የሚጨምርም አለ። ዕድሜዋን ሙሉ በወንበር ለተጸዳዳች ሴት ይህ ስፖርት ነው፤ ለእኛዋ የዘወትር ነገር ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ካፗ በንጹሕ ውሃ ትረጥባለች፣ የአፏ አንድ ጎን በሌባ ጣት ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ያኔ ጫፏ ከአውራ ጣት ብዙም አትወፍርም። የምትገባውም ሽቅብ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ወደ ጭራ አጥንት አቅጣጫ ነው፤ ብዙዎች «አልገባ አለችኝ» የሚሉት ሽቅብ ሲገፏት ነው። ውስጥ ስትለቀቅ ትከፈታለች፤ በጣት ዙሪያዋን ዳሰስ አድርጎ መታጠፏ መፈታቱን ማረጋገጥ ነው። ጭራዋ ከወጋች በመቀስ ይቆረጣል (አውጥቶ ነው እንጂ ውስጥ እያለች አይደለም፤ ሰው ሁሉን እንደተጻፈ ያነባልና)። ስትወጣ ደግሞ ጭራዋን ይዞ መሳብ ክልክል ነው፤ ወደ ታች ትንሽ ማማጥ፣ ከዚያ ሥሯን ቆንጠጥ አድርጎ አየር ማስገባትና ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። «ካፕ ታማለች» የሚባለው ወሬ አብዛኛው አየር ሳያስገቡ በመሳብ የመጣ ነው። ወር አልፎ ወር ሲተካ ትቀቀላለች። እዚህ ላይ ከፍታው ጥቂት ጣጣ አለው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ደግ ነው። ለእሷ ብቻ የተለየ ጣሳ ቢኖርም ብዙ የቤት ውስጥ ጥያቄ ያስቀራል።

እስካሁን ከተዘረዘረው ውስጥ የሚከብድ የለም፤ የሚከብደው ረጋ ብሎ መሥራት ነው። የቸኮለ ሰው ሰውነት ይጠነክራል፤ የጠነከረ ሰውነት ደግሞ ለስላሳ ሲሊኮንንም እንደ ድንጋይ ይቆጥረዋል። ብዙው የጓሮ ሽንት ቤታችን በሩ ቆርቆሮ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ መቀርቀሪያው ጉሮሮ መጥረግ ነው። ከውጭ የእግር ኮቴ ሲሰማ ከውስጥ «እህህ» ይባላል፣ መጪውም ይመለሳል። ለሌላው ጉዳይ ይህ ሥርዓት በደንብ ሠርቷል፤ ካፕ ግን ሁለት እጅና አንድ ሙሉ ሐሳብ ትፈልጋለች። በአንድ እጅ ጆንያ ይዞ፣ በጉሮሮ እየጠበቁ፣ በቀረው እጅ ሲሊኮን ማጠፍ የሰርከስ ሥራ ነው።

«ኧረ እታለም፣ ውስጥ ገብታ ብትጠፋስ?» ለሚሉ፣ አትጠፋም፤ መተላለፊያው ከላይ በማኅፀን በር ይዘጋል፣ የማኅፀን በርም ካፕ ለማሳለፍ አይከፈትም። የምትጠፋው ወደ ታች ነው፤ ጉድጓድ ላይ ቁጢጥ ብሎ ማውጣት የአሥር ዓመት ዕቃን በአንድ ሰከንድ ለምድር መገበር ነው፤ ስለዚህ ከሳፋ በላይ ይሻላል። ሉፕ ያስገባች ሴት ካፕ ስትስብ ሉፑም ሊከተላት ስለሚችል አስቀድማ የጤና ባለሙያ ትጠይቅ። ካፕን ለእህትም ለጓደኛም ማዋስ የለም። የክብረ ንጽሕናው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ በእኛ አገር ሠርግ ያፈረሰ ጉዳይ ነውና መሳቂያ አላደርገውም። እውነቱ ግን የዓለም ጤና ድርጅትና ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በአንድ ድምፅ ተናግረውታል፤ ድንግልናን በምርመራ የሚያሳይ የሰውነት ምልክት የለም፣ ምርመራውም ይቅር ብለዋል። ያላገባች ልጅ ካልፈለገች ግን ጨርቋ አለላት፤ ማንም ካፕ በግድ አይጫንባትም። ቤተ ክርስቲያን መግባትን በተመለከተ ካፕ ደሙን ትይዛለች እንጂ ቀኑን አትሰርዝም፤ ከደጀ ሰላሙ ማለፍ አለማለፉን የንስሐ አባት ይንገሯት፤ የሲሊኮን ሥልጣን እዚያ አይደርስም።

ማስረጃ ለሚጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት የሕዝብ ጤና መጽሔት የወጣው ግምገማ 43 ጥናቶችንና 3,300 ያህል ተጠቃሚዎችን አገላብጧል። ካፕ ከሞዴስ በላይ አታፈስም፤ አጠቃቀሙን ከተላመዱት 70 በመቶ ያህሉ መቀጠል ፈልገዋል፤ ልምዱ ግን ወራት ይወስዳል። ተመራማሪዎቹ ኤሚሊ ኦስተርና ርብቃ ቶርንተን በኔፓል ቺትዋን ያካሄዱት ሙከራ ይበልጥ ይጥመኛል። ካፕ የተሰጣቸው ልጆች ከሌሎቹ በላይ ትምህርት ቤት አልዋሉም፤ ይህን ደጋፊዎቿ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ሌላ ነገር ግን ትልቅ ነው፤ ካፕ ያላት ጓደኛ ያላት ልጅ ቶሎ ትለምዳለች፤ ጓደኛዋ ፍላጎቷን ስለቀሰቀሰች ሳይሆን እንዴት እንደሚደረግ ስለነገረቻት ነው። እንግዲህ ለዚህ ደግሞ ከቡና የበለጠ ምን ተቋም አለን? ወንዶቹ ተነስተው ሲሄዱ በበረካው ላይ የሚወራው አንዳንዱ ነገር ከማንኛውም መመሪያ የተሻለ ዝርዝር አለው።

ወደ መቀርቀሪያው እንመለስ፤ ጎንደር ራሷ ይህን ነገር በሌላ መልክ ታውቀዋለች። በዙሪያዋ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ሴቶቻቸው በወር አበባ ጊዜ ሰባት ቀን ለብቻ የሚቀመጡበት ጎጆ ነበራቸው፤ ዙሪያው በድንጋይ ተከብቦ፣ ምግቡም ከድንጋዩ ወዲያ እየተቀመጠ። ይመለስ አልልም፤ ብርዱንም መገለሉንም የቀመሱት ያውቁታል። ነገር ግን ያ ጎጆ አንድ ነገር በትክክል ሰጥቶ ነበር፤ ማንም ዘው የማይልበት ቦታ። ዛሬ ያ ሰባት ቀን አያስፈልግም፣ ጠዋት አሥር ደቂቃ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ለሚሉ አባወራዎችም ሥራ አለ፤ ጆንያውን በጣውላ መተካት፣ አንድ ቁራጭ እንጨትና ሁለት ሚስማር መምታት። ብቻ ከውስጥ በኩል ይሁን፤ ከውጭ የሚቀረቀር በር ለዶሮ ቤት ነው።