እጄ ላይ የቀረችው ካርድ

ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ዘንድ በከረምኩበት ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጇ «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለውን የካርድ ጨዋታ ላስተምርህ ብሎ ያዘኝ። እኔ በኮንከር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ካርታ ያው ካርታ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሁለታችንም 20 ነፍስ አለን፤ ቀድሞ ያለቀበት ተሸነፈ። ፍጡር አሰልፈህ ታጠቃለህ። ለማሰለፍ ማና ትከፍላለህ፤ ማና የሚወጣው ከመሬት ካርድ ነው፤ መሬት ደግሞ በየተራው አንድ ብቻ ነው የሚወርደው (መሬት እዚያም ብርቅ ነው)።

ከሰጠኝ ካርዶች የአንዷን ስም ሳነብ ሳቄ መጣ። «ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ»፣ ሰይፍን ማረሻ ማድረግ። ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 እኮ ነው! ከ1993ቱ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ እትም ጀምሮ አለች። በአንድ ነጭ ማና የፈለግከውን ፍጡር ከጨዋታው ታባርርልሃለች፤ መቃብር ስለማይገባ «ተነሣ» የሚለውም የለም። ግን ባለቤቱ በፍጡሩ ጉልበት ልክ ነፍስ ይጨመርለታል።

«ይቺማ የካሳ ካርድ ናት» አልኩት። ጠላቴን እየካስኩ የማሸንፈው እንዴት ነው? ጥፋቴ እዚህ ላይ ጀመረ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ባለ አንድ ጉልበት ኤልፍ ላይ ጣልኳት፤ ካሳው አንድ ነፍስ ብቻ ነዋ! ስስት ነው። በኋላ ትልቁ ሲመጣ ባዶ እጄን ጠበቅኩት። በሁለተኛው ቆጠብኳት፤ ልጁ ማነጣጠር የማይቻልበት «ስሊፐሪ ቦግል» የሚሉት ፍጡር አወጣና ካርዴ የኪስ ወረቀት ሆነች።

ሦስተኛው ነው የሚያንገበግበኝ። ልጁ 4 ነፍስ ቀርቶታል፣ እኔ 5። ከስድስት መሬቴ በአምስቱ «ሴራ ኤንጀል» የምትባለውን ባለ አራት ጉልበት መልአክ አሁን አሰልፌአለሁ፤ በሚቀጥለው ተራ ትጨርሰዋለች። አንድ ነጭ ማና ተርፎኛል፣ ካርዷም እጄ ላይ ናት። ልጁ «ኮሎሳል ድሬድሞው» በሚሉት ባለ ስድስት ጉልበት ዳይኖሰሩ መጣብኝ። አራት ነፍስ ለቀረው ሰው ስድስት ልጨምርለት? አላደርገውም! መልአኳንም ላለማስበላት አንዲት ባለ አንድ አቅም ወታደር ፊቱ አቆምኩ።

ዳይኖሰሩ ለካ ረግጦ አላፊ ነው። አንዱን ወታደሯ ላይ አሳርፎ አምስቱን ወደ እኔ አሳለፈ።

«አጎቴ፣ እጅህ ላይ ምን ቀርቶ ነበር?» አለኝ። አሳየሁት። ራሱን ያዘ። «የራስህ መልአክ ላይ እንኳ ብትጥላት በአራት ነፍስ ትተርፍ ነበር!»

ሌሊቱን ሳሰላው አደርኩ። እሱ ስድስት ማና ያፈሰሰበትን ፍጡር በአንድ ማና የምታስወግድ ካርድ በካሳዋ አትመዘንም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣችው «ፓዝ ቱ ኤግዛይል» ያንኑ ሠርታ ለባለቤቱ በነፍስ ፈንታ መሬት እንዲያወጣ ትፈቅዳለች፤ እኔ በጨዋታው መጀመሪያ ለባላጋራዬ መሬት ከምሰጠው ነፍሱን ብጨምርለት ይሻለኛል። ነፍስ የምትወደደው ማን ቀድሞ ይጨርስ ብላችሁ ስትሽቀዳደሙ ነው፤ ያኔም ቢሆን እስከ ቀጣዩ ተራ በሕይወት ከቆያችሁ።

ደንቡ አራት ቅጂ በሚፈቅድበት ሁሉ አራቱንም ክተቱ። ኮንከር የሚጫወት ካለ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ።